ምዕራፍ 6፦ ሌላው የገባውን ቃል መጠበቅ

የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልጉ የሥራ ማስታወቂያዎችን ለሚከታተል ሰው «ፒችትሪ የሚችል» የምትለዋ መስፈርት እንግዳ አይደለችም። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። የብዙ ዓመት ገቢና ወጪውን በዚህ ፕሮግራም መዝግቦ ያስቀመጠ አንድ ድርጅት የፈቃድ ክፍያው ከብዶት ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ ሊያዞር ወሰነ እንበል። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ ዕድሜ በጠገበ ኮምፒውተር ላይም ደህና ይሠራል። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት፣ ኢንተርኔት ለመክፈት የሚበቁ ፕሮግራሞችም አሉት። ነገሩ የሚሰናከለው ተራው ፒችትሪ ላይ ሲደርስ ነው። ኮምፒውተሩ ትናንት የነበረው ነው፤ ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም፤ የፕሮግራሙ ፋይልም አልተበላሸም። ፕሮግራሙ ግን አልነሣም ይላል።

በመላው ዓለም ስፍር ቁጥር የሌላቸውን መሥሪያ ቤቶች ከአንድ ኩባንያ ጋር አስሮ ያኖረው ይኸው እንቅፋት ነው። በዚህ ምዕራፍ እንቅፋቱ ከምን እንደ ተሠራ እንመለከታለን፤ ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ በትዕግሥት ሲያፈርሱት የኖሩ ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደ ሠሩት እናያለን።

ፕሮግራም ብቻውን የሚችለውና የማይችለው

ሁለት ቁጥር ደምር፤ ይህን ከዚያ ጋር አወዳድር፤ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ወደዚያኛው መስመር እለፍ። ፕሮሰሰር የሚያውቀው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ትእዛዞችን ነው። አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዊንዶውስ ቢጫንበትም ሊኑክስ ቢጫንበትም እነዚህን ትእዛዞች የሚፈጽመው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ስሌት ሊኑክስ ላይም ያው ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ ፕሮግራም በራሱ አቅም ከማስላት ያለፈ ነገር አይችልም። ፋይል ለመክፈት፣ ስክሪን ላይ መስኮት ለመሳል፣ ወደ ፕሪንተር ወረቀት ለመላክ፣ ሰዓቱን ለማወቅ እንኳ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ደግሞ ሥርዓት አለው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል መክፈት የፈለገ ፕሮግራም «ክሪኤትፋይል» የሚባለውን አገልግሎት በስሙ ጠርቶ ሰባት መረጃዎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ያስረክባል። ሊኑክስ ላይ ያው ሥራ የሚከናወነው «ኦፕን» በሚባል አገልግሎት ነው፤ የሚፈልገውም ሁለት ወይም ሦስት መረጃ ብቻ ነው። ባለሙያ ሴት ሰው ቤት ሄዳ ወጥ ልትሠራ ብትነሣ እሳቱ ያው እሳት ነው፤ ሙያዋም አብሯት አለ። በርበሬው የት እንዳለ፣ ጨውን ከማን እንደምትጠይቅ ካላወቀች ግን ድስቱ አይጣድም። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚገጥመው ችግርም ይኸው ነው።

እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች በሺዎች ይቆጠራሉ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሠራው ኩባንያ ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚለው፣ «በዚህ ስም ጥራኝ፣ እነዚህን መረጃዎች በዚህ ቅደም ተከተል ስጠኝ፣ እኔም ይህን እመልስልሃለሁ» ነው። የእነዚህ ሁሉ ድምር ኤፒአይ ይባላል። በቀላል አነጋገር ኤፒአይ የተገባ ቃል ነው። ፕሮግራም የታሰረው ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከዚህ ቃል ጋር ነው። ቃሉን የሚጠብቅለት ባገኘበት ሁሉ ይሠራል፤ ባጣበት ደግሞ ምንም ያህል በጥሩ እጅ የተጻፈ ቢሆን ምንም አይፈይድም። የምዕራፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ቀጥሎ የምናያቸው ቴክኒኮች በሙሉ ቃሉን ማን ይጠብቅ፣ በምን ዋጋ ይጠብቅ ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ማሽኑን መምሰል፣ ማሽኑን ማካፈል

የመጀመሪያው መልስ ኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር አንድን ፕሮሰሰር በሙሉ በሶፍትዌር መስሎ የሚሠራ፣ የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ወደ ሌላው ትእዛዝ እየለወጠ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። አስፈላጊ የሚሆነው በተለይ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲለወጥ ነው። አፕል ይህን መንገድ ደጋግሞ ሄዶበታል። በ1994 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማክ ኮምፒውተሮቹን ከሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ ሲያዛውር የድሮዎቹን ፕሮግራሞች የሚያስኬድ ኢሙሌተር አብሮ ሰጠ። በ2006 ወደ ኢንቴል ሲዛወር ሮዜታን፣ በ2020 ደግሞ ወደ ራሱ ፕሮሰሰር ሲሻገር ሮዜታ 2ን አወጣ። ሮዜታ 2 የአብዛኛውን ፕሮግራም ትእዛዝ አስቀድሞ ተርጉሞ ስለሚያስቀምጥ፣ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት የሚባክነው ጊዜ ትንሽ ነው። በሦስቱም ሽግግሮች ደንበኛው የገዛው ፕሮግራም በአንድ ጀንበር ዋጋ አላጣም።

ሁለተኛው መልስ ቨርቹዋል ማሽን ነው። እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩን መምሰል አያስፈልግም፤ አንዱን ኮምፒውተር ለሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ማካፈል ይበቃል። ሐሳቡ በ1960ዎቹ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በትልልቆቹ ኮምፒውተሮቻቸው ላይ የሠሩት ነው። በተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን አይቻልም ይባል ነበር፤ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለዚህ ታስበው አልተሠሩምና። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር በ1999 ባወጣው ምርት ይህን ግምት ሻረው፤ አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች እየለቀመ በመተርጎም ዊንዶውስን ሊኑክስ ውስጥ፣ ሊኑክስንም ዊንዶውስ ውስጥ አስነሣ። በ2005 እና በ2006 ኢንቴልና ኤኤምዲ ለዚሁ ሥራ የሚያግዙ ትእዛዞችን ፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቨርቹዋል ማሽን የሰርቨር ዓለም መሠረት ሆኗል።

የቨርቹዋል ማሽን ጥንካሬ ግልጽ ነው፤ ቃሉን የሚጠብቀው ራሱ ቃል የገባው ዊንዶውስ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ለአንዲት የሒሳብ ፕሮግራም ሲባል ሙሉ ዊንዶውስ መጫን፣ ፈቃዱን መግዛት፣ ሚሞሪ መመደብ፣ ከቫይረስ መጠበቅና በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ከፈቃድ ክፍያ ለመሸሽ ወደ ሊኑክስ የሄደ ድርጅት ክፍያውን አንድ ክፍል ወደ ውስጥ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

ቃሉን እንደ አዲስ መጻፍ

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ደፋሩ ነው። ማሽኑም ያው ነው፣ ትእዛዞቹም ያው ናቸው፤ የጎደለው አገልግሎቱ ብቻ ነው። ታዲያ የዊንዶውስን አገልግሎቶች አንድ በአንድ እንደ አዲስ ጽፎ ሊኑክስ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም?

በ1993 ሰን ማይክሮሲስተምስ ዋቢ በተባለ ምርቱ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ማስኬድ እንደሚቻል አሳየ። በዚያው ዓመት ቦብ አምስታትና ጥቂት ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ለሊኑክስ ተመሳሳዩን ጀመሩ፤ ሥራቸውን ዋይን አሉት። በ1994 አመራሩን አሌክሳንድር ዡሊያር ተረከበ፤ እስከ ዛሬም ይመራዋል። የሥራውን ስፋት ለመገመት አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ዋይን የመጀመሪያውን «1.0» ዕትም ያወጣው በሰኔ 2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው፤ ከጅማሬው 15 ዓመት በኋላ።

የዊንዶውስ ፕሮግራም በዋይን ሲከፈት የሚሆነውን እንከተል። በመጀመሪያ ሊኑክስ ፋይሉን አያውቀውም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የሚታሸጉበት ፒኢ የሚባል ቅርጽ ሊኑክስ ከሚጠብቀው ኢኤልኤፍ ይለያልና። ዋይን እሽጉን ራሱ ፈትቶ ትእዛዞቹን በሚሞሪ ላይ በየቦታቸው ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ ከሚያስፈልጉት የአገልግሎት ፋይሎች መካከል ከርነል32፣ ዩዘር32፣ ጂዲአይ32 የሚባሉትን ይጠራል። እነዚህ ዊንዶውስ ላይ የማይክሮሶፍት ፋይሎች ናቸው፤ እዚህ ግን ስማቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ ውስጣቸው በዋይን ሰዎች እንደ አዲስ የተጻፈ ፋይሎች ይጠብቁታል። ፕሮግራሙ «ክሪኤትፋይል» ብሎ ይጠራል፣ ሰባቱንም መረጃ ያስረክባል፤ ዋይን ተቀብሎ ሊኑክስ በሚያውቀው «ኦፕን» ያስከፍትለታል፤ መልሱንም ዊንዶውስ በሚመልስበት ቅርጽ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ስሌቱን በቀጥታ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የሚተረጎም ትእዛዝ የለም። በዋይን የሚሠራ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከዊንዶውስ ላይ ፍጥነቱ እምብዛም የማይርቀው ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙ «ሲ» የሚባለውን ዲስክ ይፈልጋል፤ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዋይን አንድ ተራ ፎልደር ከፍቶ ይህ ሲ ነው ይለዋል። ፕሮግራሙ ቅንብሮቹን የሚያኖርበት ሬጂስትሪ የሚባል መዝገብ ይፈልጋል፤ ዋይን በጽሑፍ ፋይሎች መልክ ያዘጋጅለታል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ግን ይለያል። ፕሮግራሙ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጠርቶ ዲስኩ ላይ ያለው በትንንሽ ከተጻፈ ዋይን ፎልደሩን አስሶ ያገኝለታል። ትንሽ የሚመስል እንዲህ ያለ ነገር በሺዎች ሲባዛ የ15 ዓመት ሥራ ይሆናል።

ያልተጻፈው የቃሉ ክፍል

የሥራው ትልቁ ፈተና ግን በመመሪያ መጻሕፍት ላይ የሰፈረው አይደለም። ፕሮግራሞች ማንም ቃል ባልገባላቸው ነገር ላይም ይደገፋሉ።

በሙያው ውስጥ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ። ሲምሲቲ የተባለው ዝነኛ ጨዋታ ለቆሻለሁ ብሎ የመለሰውን የሚሞሪ ቦታ ወዲያው መልሶ ያነብ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ ሆኖም በቀድሞው ዊንዶውስ የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ለሌላ ስለማይሰጥ ማንም ሳያስተውለው ጨዋታው ይሠራ ነበር። ዊንዶውስ 95 ሲዘጋጅ የሚሞሪው አያያዝ ተለወጠ፤ ጨዋታውም መውደቅ ጀመረ። የማይክሮሶፍት ሰዎች ጥፋቱ የጨዋታው ነው ብለው አልተዉትም። ሲምሲቲ እየሠራ መሆኑን የሚያውቅ፣ ለእርሱ ሲል የተለቀቀውን ቦታ ቶሎ የማይነካ ልዩ ኮድ ዊንዶውስ 95 ውስጥ ጨመሩ። ደንበኛው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የሠራ ፕሮግራም ዛሬ ካልሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ዊንዶውስ ነው።

እንግዲህ የዋይን ሰዎች የዊንዶውስን መልካም ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ጭምር መድገም አለባቸው። ይህን እንዴት ያውቃሉ? የማይክሮሶፍትን የውስጥ ኮድ አያዩም፤ እንዲያውም ያን ኮድ ያየ ሰው በዋይን ላይ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። መንገዳቸው ከውጭ መጠየቅ ነው። አንድን አገልግሎት በተለያየ መንገድ የሚጠራ አጭር የሙከራ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ እውነተኛ ዊንዶውስ ላይ አስኪደው የሚመልሰውን ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ዋይን ያንኑ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ይሠሩበታል። የተሳሳተ መረጃ ቢሰጠው ምን ይላል? ባዶ ቢሰጠውስ? እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ከዋይን ኮድ ጋር አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው መበላሸቱንም የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።

ጥንቃቄው የሕግም ጉዳይ ነው። የሌላውን ኮድ መቅዳት ክልክል መሆኑ አያከራክርም። የአገልግሎቶቹን ስምና የጥያቄውን ቅርጽ መጠቀም ግን ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። ከሁሉ የጎላው ክርክር ኦራክል ጎግልን የከሰሰበት ነው፤ ጎግል አንድሮይድን ሲሠራ ከጃቫ ኤፒአይ 11,500 ያህል መስመር ወስዶ ነበር። በሚያዝያ 5 ቀን 2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ አጠቃቀሙ ተገቢ ነው ሲል ለጎግል ፈረደ። ኤፒአይ በቅጂ መብት ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም የሚለውን ግን ሳይወስን አለፈው። ቢሆንም ፍርዱ ለሌላ የተገባን ቃል በራሳቸው ድካም እንደ አዲስ ለሚጽፉ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር።

ጨዋታ የከፈተው በር

ለብዙ ዓመታት የዋይንን ሥራ በገንዘብ ሲደግፍ የኖረው በ1996 በጄረሚ ዋይት የተመሠረተው የሚኒሶታው ኮድዊቨርስ ነው። ዡሊያርም የሚሠራው እዚያው ነው። ኩባንያው ዋይንን አመቻችቶ ክሮስኦቨር በሚል ስም ይሸጣል፤ የሠራውን ማሻሻያ ለነፃው ዋይን ይመልሳል።

ትልቁ ግፊት የመጣው ግን ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ በነሐሴ 2018 ከኮድዊቨርስ ጋር ሆኖ ፕሮቶን የተሰኘ፣ በዋይን ላይ የቆመ ምርት አወጣ። የጨዋታዎች ችግር ሥዕል ነበር፤ የዊንዶውስ ጨዋታዎች የሚስሉት ዳይሬክት3ዲ በተባለ የማይክሮሶፍት ኤፒአይ ነው። ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ፕሮግራመር ዲኤክስቪኬ በሚባለው ሥራው የዳይሬክት3ዲን ጥሪዎች ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን የሚቀይርበትን መንገድ አበጀ፤ ፕሮቶንም ይህን አካተተ። በየካቲት 2022 ቫልቭ ስቲም ዴክ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው፤ የሚጫወቱበት አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን ለዊንዶውስ የተጻፉ ናቸው። ሠሪዎቻቸው አንድ መስመር ሳይለውጡ ጨዋታዎቹ አዲስ አገር ገቡ።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ከከርነል፣ ማለትም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ነገር በዋይን ይቸግራል። አጭበርባሪ ተጫዋቾችን ለመያዝ ከርነል ውስጥ የሚገቡ መቆጣጠሪያዎች ያሏቸው ብዙ ጨዋታዎች አይነሡም። የራሱን የዊንዶውስ ድራይቨር የሚጠይቅ ልዩ መሣሪያ፣ ወይም ፈቃዱን ኮምፒውተሩ ላይ በሚሰካ ቁልፍ የሚያረጋግጥ ፕሮግራም እንዲሁ ሊያስቸግር ይችላል። ለእነዚህ ቨርቹዋል ማሽን የተሻለ መልስ ነው።

ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልቀረም። በ2016 ማይክሮሶፍት ራሱ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ ላይ የሚያስኬድ ደብሊውኤስኤል የተባለ ሥርዓት አወጣ። የመጀመሪያው ዕትም የዋይንን መንገድ በተቃራኒው የተከተለ ነበር፤ የሊኑክስን ጥሪዎች እየተቀበለ ወደ ዊንዶውስ ይለውጥ ነበር። ብዙ ጥሪዎች ግን ሳይሟሉ ቀሩ፤ የፋይል ሥራም ተንቀራፈፈ። በ2019 ይፋ በሆነው ሁለተኛው ዕትም ማይክሮሶፍት መንገዱን ቀይሮ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስቀመጠ። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ኩባንያ የሌላውን ቃል እየደገሙ መኖር ከብዶት ሲተወው ስናይ ዋይን ለያዘው ሥራ ክብራችን ይጨምራል።

ለምን ይገደናል?

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በ1992 አይቢኤም ያወጣው ኦኤስ/2 2.0 የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በደንብ ያስኬድ ነበር። ፕሮግራም ሠሪዎች ታዲያ ለዊንዶውስ ከጻፍነው ለኦኤስ/2ም ይሆናል አሉ፤ ለኦኤስ/2 ብሎ የሚጽፍ ተመናመነ፤ ሲስተሙም ከገበያ ወጣ። የሌላውን ቃል መጠበቅ የራስን ያስረሳል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ኦኤስ/2 ለተጠቃሚው የሚሸጥ፣ ሠሪው ሲተወው አብሮ የሚተው ምርት ነበር። ዋይን ኮዱ ክፍት ስለሆነ የሚያስጠፋው አንድ ባለቤት የለውም። ደግሞም ዋናው ጥያቄ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያሸንፋል የሚለው አይደለም፤ ሰዎች በፕሮግራም ተጠቅመው ያፈሩት ሥራ ከፕሮግራሙ ጋር ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለአማርኛ ጸሐፊ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ የሚሠራው እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የራሳቸውን ቁጥር በሰጡ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችና ፎንቶች ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም የመጽሐፍ ረቂቅ ዛሬ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ፕሮግራም ነው የጠፋው። አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ አሮጌውን ሁሉ አይቀበልም፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ለዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተሠሩትን 16 ቢት ፕሮግራሞች ጨርሶ አያስነሣም። ዋይን ግን 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ብዙዎቹን ያስነሣል። ቃሉን የገባው ኩባንያ ትቶት የሄደውን የማያውቃቸው ሰዎች ጠብቀውታል ማለት ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አብቅቷል። አዲሱን ዊንዶውስ የማይቀበሉ፣ ነገር ግን ገና ብዙ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ምን ያድርግ የሚለው ስለዚህ የዛሬ ጥያቄ ነው። መልሱ ሥራን ይፈልጋል። በመጀመሪያ ሠራተኛው በእውነት የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች መዝግቡ። እያንዳንዱን አንድ ኮምፒውተር ላይ በዋይን ሞክሩ፤ መነሣቱን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፣ ሪፖርት አውጡበት፣ በፕሪንተር አትሙበት፣ የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡበት። ያልሠራውን በቨርቹዋል ማሽን አኑሩት፤ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ላይሆን ይችላል። ከተሳካላችሁ በኋላም የድሮውን የመጫኛ ፋይልና የፈቃድ ቁጥር በጥንቃቄ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ መረጃችሁን ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው ወደሚችል ክፍት ቅርጽ እየገለበጣችሁ አስቀምጡ፤ አማርኛ ከሆነ ደግሞ በዩኒኮድ። ፕሮግራም ስትገዙም ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሻጩ ነገ ቢተወው ቃሉን የሚጠብቅልን ሌላ ማን አለ? መልሱ «ማንም የለም» ከሆነ የምትከፍሉት ገንዘብ የኪራይ ነው፤ ሥራችሁንም መያዣ አድርጋችሁ እየሰጣችሁ ነው።